መርሳት ሳይቀድመን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቦንጋ ውስጥ አንድ መንገድ በሰላም መሄድ አልቻልኩም። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ሲስተር፣ ትናንት አድርስ የተባልኩትን ዕቃ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ጀመረኝ እንዴ?» ይለኛል። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት የልጅ ልጆቿን ስም እያቀያየረች እንደምትጠራ ነግራኝ፣ መልስ ካልሰጠሽኝ አልመዝንልሽም ብላ ድርቅ አለች። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። የረሳኸውን አስታውሰህ ለኔ ለመናገር ከበቃህ ገና ነህ እላለሁ። እኔን የሚያሰጋኝ «ምንም አልረሳሁም» እያለ ቤተሰቡ እየጎተተ የሚያመጣው ነው። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ይህን የማውቀው ግን በሳቅ አይደለም።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ የአእምሮ ጤና ነርስ ነበርኩ። አያቴ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ብሸብትም የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን የማውቀው የገበያ ያህል ነው። ዋጋ ልከራከርበት እችላለሁ፤ ሐዘንተኛ ላጽናናበት ግን አልችልም። ይህ ጉድለቴ ምን እንዳመጣብን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ነበር። ደመወዙ ወሩን አያጋምስም፤ እሱን እንተወው። ኃላፊያችን ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ታማሚው ቢድንም ባይድንም ሪፖርቱ በጊዜው ከሄደ ፊቱ ይፈካል። እዚያ ሳለሁ አንድ ገበሬ እናቱን ይዞ መጣና «ጃጅታለች፣ የምትናገረውን አታውቅም» አለኝ። «እማማ፣ ስምዎ ማነው?» አልኳቸው። «ኧረ ገና አልደረቀም» አሉኝ። «ከየት ቀበሌ ነው የመጡት?» ብላቸው «ሁለቱ ይታለባሉ፣ አንዷ ነጥፋለች» አሉ። ልጁ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። መልሳቸው ከጥያቄዬ ጋር አይገጥምም እንጂ፣ ስለ ቡናና ስለ ላም ለጠየቃቸው ሰው የሚሰጥ ደህና መልስ ነው። ጆሯቸውን ባይ በኩክ ተደፍኗል። በዘይት አለስልሰን በውሃ ስናጥበው የመጀመሪያ ቃላቸው ለልጃቸው ነበር፤ «ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታማኝ ነው የከረምከው» አሉት። ልጁ የሚገባበት አጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ሰው «ረሳ» የሚባለው መቼ ነው? ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል። ልቡ በሐዘን የተሰበረ ሰውም የረሳ ይመስላል። ታይሮይዱ የተዛባ፣ ደም ያነሰው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሁሉም የረሳ ይመስላል። በእውነት መርሳት የጀመረው ሰው ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ምንም ያልረሳ ይመስላል። ይህን ለመለየት ብዬ የአእምሮ ጤና ተምሬ ቦንጋ ሆስፒታል ተመደብኩ። እዚያ ነው ጋሽ ዘለቀን ያገኘሁት።

ጋሽ ዘለቀ ከእኔ በፊት የነበሩ የአእምሮ ጤና ነርስ ናቸው፤ የካፋ ልጅ፣ ካፊኖኖን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ። ቀጭን፣ ዝግ ያሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ክፍላችን ውስጥ ጠረጴዛ ቢኖርም ከኋላው ተቀምጠው አያውቁም። ለሽማግሌው ወንበሩን ሰጥተው ራሳቸው ዱካ ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። «ሽማግሌ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ልጅ መልስ አይሰጥም፤ ዝም ሲልሽ ደግሞ ረሳ ብለሽ ትጽፊያለሽ» ይሉኝ ነበር። ሌላው ልማዳቸው ታማሚውን የጠየቁትን ሁሉ ያመጣውንም ሰው መጠየቅ ነው። ባል ቢታመም ያመጣችውን ሚስቱን፣ አባት ቢታመም ያመጣውን ወንድሙን። ያመጣው ሰው ቀኑን ካላወቀ፣ ታማሚው ቀኑን ባያውቅ ምን ይደንቃል?

የፈተናው ጥያቄዎች ከሩቅ አገር መጥተው ወደ አማርኛ የተመለሱ ነበሩ። አንዱ «አሁን ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» ይላል። ክፍላችን መሬት ላይ ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። አንዲት እናት ይህን ስጠይቃቸው ቀና ብለው ጣራውን አይተው፣ ከዚያ እኔን በጣም በሐዘኔታ አዩኝ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ጥቀሱ የሚለው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል፤ «እኔ የፖለቲካ ነገር አልናገርም» ይላል። ዓመተ ምሕረቱን ብጠይቅ «አንቺ የተማርሽው ካላወቅሽው እኔ ከየት ላምጣልሽ?» ይሉኛል። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ገበሬ የሰዓት ሥዕል ሥራ ሲባል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠው ግን በሽታ ይዞት አይደለም። ጋሽ ዘለቀ እየሳቁ «ይህ ፈተና የሚለካው ትምህርት ቤት መግባቱን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ማስታወሱን ነው» አሉ። ከዚያም «ጥያቄ ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለጥያቄ አልተፈጠረም» ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ከጋዋናቸው ኪስ የማይለዩ ሦስት ዕቃዎች ነበሩ፤ ቁልፍ፣ የቡና ፍሬና የክር ጥቅል። አንድ በአንድ ታማሚው እጅ ላይ ያኖራሉ። ስሙን ያስጠራሉ፣ ስለ እያንዳንዱ አንድ ነገር ያስወራሉ፤ ልቤ ሌላ ጋ ነበር እንዳይባል። ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ይከቱና ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀብርና ሰርግ ይጨዋወታሉ። ቆይተው «ቅድም ምን ነበር ያስያዝኩዎት?» ይላሉ። ታማሚው ካቃተው ፍንጭ ይሰጡታል፤ «አንዱ ልብስ ይሰፋበታል» ይሉታል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ሰው ፍንጭ ሲያገኝ «አዎ፣ ክር!» ብሎ ፊቱ ይበራል። አልዛይመር የጀመረው ሰው ግን ፍንጩም አይረዳውም። «ጎተራ የገባ እህል ቢደበቅ ተፈልጎ ይገኛል፤ ያልገባውን ግን ከየት ታመጪዋለሽ?» ይሉ ነበር ጋሽ ዘለቀ። እርግጥ በሦስት ዕቃ ብቻ በሽታ አይፈረድም። ደም እንመረምራለን፣ ጆሮና ዓይን እናያለን፣ ቤተሰብ እንጠይቃለን፣ ሲያስፈልግም ወደ ጅማ እንልካለን። በሩን የሚከፍተው ግን ይህ ነው።

አሁን ወደ ጋሽ ወዳጆ ልምጣ። ጋሽ ወዳጆ የማንኪራ ሰው ናቸው፤ የጫካ ቡና የሚለቅሙ፣ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር የሚቆርጡ። ልጃቸው ዓለሚቱ አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቀኛል ብላ ይዛቸው መጣች። ያን ሰሞን ጋሽ ዘለቀ ለሥልጠና ጅማ ሄደው ነበርና እኔ ተቀበልኳቸው። አማርኛቸው ትንሽ ስለሆነ ዓለሚቱ መሐል ገብታ አስተረጎመችልን። ቀኑን ስጠይቅ ትክክል፣ ወሩ ትክክል፣ ሦስቱ ዕቃዎችም ያለ ፍንጭ ሦስቱም መጡ። አንድ ነገር ግን ጥርጣሬ ሳይሆን ግርምት አሳድሮብኝ ነበር። እሳቸው ብዙ ይናገራሉ፣ እሷ አንድ ቃል ትነግረኛለች። የሽማግሌ ወሬ ረጅም ነው ብዬ አለፍኩት። «አባትሽ ደህና ናቸው፤ ዕድሜ ነው» አልኳት። እጄን ስማ፣ አባቷን ደግፋ ሄደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዓለሚቱ ብቻዋን መጣች። ጋሽ ዘለቀም ተመልሰው ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። መቀመጫ ብንሰጣትም አልተቀመጠችም። እንደነገረችን፣ አባቷ ጎረቤታቸው አቶ ተሰማ ከሰቀሉት ቀፎ ማር ቆርጠው ወስደዋል። ማንኪራ ውስጥ ቀፎ ጠባቂ የለውም፤ ጫካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ የሚያድረው ሰው ስለሚታመን ነው። ይባስ ብሎ ዛፉ ድሮ የጋሽ ወዳጆ ነበር። የአቶ ተሰማ ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ ጋሽ ወዳጆ ሽማግሌ ጠርተው፣ ተመርቀው፣ በገዛ እጃቸው የሰጧቸው ነው። አሁን «ዛፉም ማሩም የኔ ነው» ይላሉ። ከሌብነት ሌላ ስጦታቸውን የካዱ ሰው ሆኑ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊፈርዱ ነው፤ ከእድር ይውጣ የሚሉ በዝተዋል። ከእድር መውጣት ማለት ሲሞቱ ሬሳቸውን የሚያነሳ አይኖርም ማለት ነው።

«ታሞ ይሆናል ያለ ሰው የለም?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«ነበር» አለች። «አቶ ተሰማ ራሳቸው ናቸው ያሉት። ግን ሆስፒታሉ ደህና ነው ብሎታል ተባለ። እኔው ነኝ ለሰው ሁሉ ደስ ብሎኝ ያወራሁት።» ከዚያ እኔን አየችኝ። «ሲስተር፣ ያን ቀን የመለሰልሽ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ክው አልኩ። «ለምን እንዲህ አደረግሽ? አንቺው አይደለሽ ያመጣሽው?»

«ያመጣሁት እንዲታከም ነው እንጂ እንዲዋረድ አይደለም» አለች። «ቀኑን ስትጠይቂው ስለ አባቱ በቅሎ ነገረኝ። አባቴ በሰው ፊት የማያውቀውን ሲናገር እያየሁ፣ እንዴት ብዬ ልተርጉመው?»

ልቆጣት ብፈልግም ቁጣው አልመጣልኝም፤ እኔም አባት ነበረኝ። አባቱ ሲያድጠው ልጁ ደገፍ አድርጎ አልወደቀም እንዲባልለት ያደርጋል፤ እኛ አገር የልጅ ወግ ይኸው ነው። በመላ የሥራ ዘመኔ እንደዚህ ቀን ያፈርኩበት የለም። ሰውየውን ከበሽታው ላስጥል ተቀምጬ ምስክር ሆኜባቸዋለሁ።

በማግስቱ ጋሽ ዘለቀና እኔ ማንኪራ ወረድን። ጋሽ ወዳጆ ደጃፋቸው ላይ ቀፎ እየጠገኑ ነበር፤ ጣቶቻቸው ምንም አልረሱም። ጋሽ ዘለቀ መሬት ላይ ተቀመጡና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጋሽ ወዳጆ እጅ ላይ አኖሩ። ሁለቱ በካፊኖኖ ይነጋገራሉ፤ ጋሽ ዘለቀ መለስ እያሉ ለእኔ ይነግሩኛል። ጋሽ ወዳጆ ሦስቱንም በስማቸው ጠሩ። ቡናውን አሽትተው «የጫካ ነው፤ ያደረቀው ሰው ግን ሰነፍ ነው» አሉ። ከዚያ ከአባታቸው ጋር መጀመሪያ ቀፎ የሰቀሉበትን ቀን አጫወቱን፤ ገመዱ እንዴት እንደተበጠሰ፣ ማን እንደሳቀ፣ ምን በልተው እንደወጡ። እኔ እንኳ ትናንት የበላሁትን እንደዚያ አልናገርም።

«ቅድም ያስያዝኩዎት ነገር ነበር» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

ጋሽ ወዳጆ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። «ለኔ? ምን አስያዝከኝ?»

«አንዱ በር ይከፈትበታል።»

«ቁልፍ ይሆናላ። አይቼው ግን አይደለም፤ በር በሌላ ስለማይከፈት ነው።»

«አንዱ ይቆላል።»

«ገብስ።»

«አንዱ ልብስ ይሰፋበታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዘለቀ ዕቃዎቹን አውጥተው ሲያሳዩአቸው እንደ አዲስ ነገር ተመለከቷቸው። ዓለሚቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ ግን ተመለሰችና ዛፉን ለአቶ ተሰማ መቼና እንዴት እንደሰጡ ነገረቻቸው። «ሽማግሌዎቹም ነበሩ?» ብለው ጠየቋት፤ ነበሩ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ቀፎውን ሲያገላብጡ ቆዩ።

ጋሽ ዘለቀ በሽታውን ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። የቀረውን ምርመራ እናደርጋለን፣ ግን የምንፈራው ይህንን ነው፤ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ድሮው እየበላ የሚሄድ በሽታ ነው አሏቸው።

«መድኃኒት አለው?»

«የሚያድን የለውም።»

«ታዲያ ለምን ትፈልጉታላችሁ?»

ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ጋሽ ዘለቀ ግን የመለሱት ወዲያው ነው። «አሁን እርስዎን ልጠይቅ ስለምችል» አሉ። «ዘግይቼ ብመጣ የምጠይቀው ዓለሚቱን ነበር። አሁን ግን ውሳኔው የእርስዎ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ልናገር ወይስ ዝም ልበል?»

ዓለሚቱ መሐል ገባች። «አይናገሩ። ጃጀ ይሉታል። ነገ የሚለውን የሚሰማው የለም፤ ቡናውንም ያጭበረብሩታል። ማሩን እንመልስና ይቅርታ እንጠይቅ፣ ያልቃል።»

«ይቅርታ ከጠየቅኩማ ሰርቄያለሁ ማለት ነው» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞሩ። «አንተ አትናገር። እንደ ዛሬው ጠይቀኝ። እነሱ ይዩት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እድሩ በሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ። «ደህና ነው ያልኳችሁ እኔ ነበርኩ፤ ልክ አልነበርኩም» ብዬ በገበያ ካፊኖኖዬ ተናገርኩ። ስንቱን ቃል እንደሰበርኩት አላውቅም፤ አንድም ሰው ግን አልሳቀም። ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ልማዳቸውን አልተዉም። ከሳሹን አቶ ተሰማንም ከጋሽ ወዳጆ ጎን አስቀመጡና ዕቃዎቹን ለሁለቱም አስያዙ። የዕድሜ እኩዮች ናቸው፣ አብሮ አደጎች። ከዚያ ጨዋታ ተጀመረ፤ ሁለቱም ከሳሽና ተከሳሽ መሆናቸውን ረስተው የድሮ የንብ ንድፊያ እያነሱ ተሳሳቁ።

ጊዜው ሲደርስ ጋሽ ዘለቀ መጀመሪያ አቶ ተሰማን ጠየቁ። ቁልፍና ቡና አሉ፤ ሦስተኛው ጠፋባቸው። ልብስ ይሰፋበታል ሲባሉ «ክር! ክር ነው፣ ቀይ ክር» አሉና ተነፈሱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እኔም ረስቼው ነበር» አለ፤ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ ተራው የጋሽ ወዳጆ ሆነ። ፈገግታው አንድ በአንድ ከየፊቱ ሲጠፋ አየሁት። ፍንጩ ተሰጠ፤ የለም። ሌላ ፍንጭ ተሰጠ፤ የለም። ጋሽ ወዳጆ አላፈሩም፣ አላቀረቀሩምም። «ምንም አልሰጠኸኝም ብዬ ልምልልህ እችላለሁ» አሉ። «ዛፉንም እንዲሁ ነው የማልኩበት።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት አቶ ተሰማ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «ክሴን አንስቻለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሌብነት የለም፣ ክህደት የለም፣ ከእድሩም አይወጣም ብለው መረቁ። ሰው ሊበተን ሲል ጋሽ ወዳጆ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ቀረ» አሉ። «ሌባ መባሌን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶልኛል መሰለኝ። ነጻ ያላችሁኝ ግን ዛሬ ነው፤ ይሄ ላይገባልኝ ይችላል። ነገ ሌባ ነኝ ብዬ ሳዝን ካገኛችሁኝ፣ አይደለህም በሉኝ።»

ዓለሚቱ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ፤ ነርስ ነኝ ብዬ አልተደበቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ አስተርጓሚ ሆኖ ክፍላችን ገብቶ አያውቅም፤ ካፊኖኖ ከሚያውቅ ባልደረባ ጋር ካልሆነ አልጠይቅም። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ሲወጡ ኪሳቸውን ለእኔ አራገፉ። ብዙ ሰው ጠየቅሁበት። አብዛኛው ደህና ሆኖ ተገኘ፣ አንዳንዱ ሐዘን ነበረበት፣ ጥቂቱን በጊዜ አገኘነው። በጊዜ ያገኘናቸው መሬታቸውን ለማን እንደሚያወርሱ፣ ማን እንዲጦራቸው እንደሚፈልጉ፣ ከማን ጋር መታረቅ እንዳለባቸው በራሳቸው አፍ ተናገሩ። በሽታው ምን እንደሆነ ዛሬም ድረስ ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። አስታውሶ የማያውቀውን ነገር ያጣ ሰው፣ ማጣቱን በምኑ ያውቀዋል? አሁንም ይህን ሳስብ እንቅልፌ ይሄዳል።

ሥራ በለቀቅኩ ሰሞን ማንኪራ ሄጄ ጋሽ ወዳጆን ጠየቅኳቸው። እኔን አላወቁኝም። ዓለሚቱን አንዳንዴ በእናታቸው ስም ይጠሯታል። አቶ ተሰማ እንደ ሁልጊዜው ሊጠይቋቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ጋሽ ወዳጆ ዘወር ብለው አዩአቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንተን ማር ሰርቋል ይሉኛል። እውነት ነው?»

«ውሸት ነው» አሉ አቶ ተሰማ፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ሲመልሱ ግን ገና ዛሬ የተጠየቁ ይመስሉ ነበር። «አንተ አልሰረቅከኝም። ዛፌ ሲወድቅ የራስህን ዛፍ የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

ጋሽ ወዳጆ ትንሽ አሰቡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ።

«ሰጥቼህ ነበር?» አሉ። «ጥሩ አድርጌያለሁ።»